የዘረ መል ለውጥ የነርቭ ሕዋሳትን እድገት የሚገታበት ሬት ሲንድሮም

በአብዛኛው ሴት ሕፃናትን የሚያጠቃው ሬት ሲንድሮም ኤም.ኢ.ሲ.ፒ.2 በተሰኘ ዘረ መል ላይ በሚከሰት ለውጥ እንደሚመጣ በዶክተር ሁዳ ዞግቢ የተመራ የአሜሪካ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1999 አረጋግጧል።

በለውጡ ሳቢያ የነርቭ ሕዋሳት አይሞቱም፤ መጠናቸው ያንሳል፣ ቅርንጫፎቻቸውም ይመናመናሉ። ነገሩ ለአንድ የካዛንቺስ መሥሪያ ቤት ስልክ ተገዝቶ መስመሩ በቅጡ ሳይዘረጋ እንደመቅረቱ ነው። ደህና ስታድግ የቆየች ሕፃን ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ እድገቷ ይገታል፤ ቀጥሎም የጀመረችውን ንግግርና የእጅ አጠቃቀም ታጣለች።

ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የማይወረስ በመሆኑ እናትን መውቀስ መሠረት የለውም። መሰል ወቀሳን በኦቲዝም ረገድ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አማካይነት ሲታገሉ ኖረዋል።

ሕዋሳቱ አለመሞታቸው ተስፋ ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአይጦች ላይ በተካሄደ ጥናት የዘረ መሉ ሥራ ሲመለስ ምልክቶቹ ተቀልብሰዋል። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ትሮፊኔታይድ ግን ምልክቶቹን ያቃልላል እንጂ ዘረ መሉን አያርምም።