የተበጠሰን ሁሉ መስፋት ይገባልን?

ገመድ ሲበጠስ ይቋጠራል፤ ልብስም ሲቀደድ ይሰፋል። የሰው አካልስ በተበጠሰ ጊዜ እንዲሁ መስፋት የሚሻል ይመስላልና ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ለረጅም ዘመን ይህን ያለ ጥርጥር ሲቀበሉት ኖረዋል። ዳሩ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደረጉት የሕክምና ምርመራዎች ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አሳይተዋል። በዚህ አጭር ጽሑፋችን ሦስት ዓይነት መበጠስን፣ ይኸውም የተረከዝን ጅማት፣ የጉልበትን ጅማትና አኦርታ የተባለውን ታላቁን የደም ሥር አንሥተን፣ ለአንዱ ጥያቄ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ የተገኘበትን ምክንያት ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ምርመራው ዘዴ ጥቂት መናገር አስፈላጊ ነው። አንድ ሐኪም «ኦፕራሲዮን ያደረግኋቸው ሁሉ ድነዋል» ቢል፣ ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ምናልባት ለኦፕራሲዮን የመረጣቸው ወጣቶችና ብርቱዎች ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹንና ደካሞቹን ትቷቸው ይሆናል። እንግዲያስ የዳኑት በቢላዋው ነው ወይስ በጕልምስናቸው? ይህን ለመለየት የተገኘው መንገድ ዕጣ ነው። በሽተኞቹ በዕጣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወገን ሲከፈሉ፣ ብርቱውም ደካማውም በየወገኑ በመጠን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከሕክምናው የመጣ ነው ለማለት ይቻላል። በሕመምተኛ ላይ ዕጣ መጣል ጭካኔ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን የትኛው ሕክምና እንደሚሻል በእውነት ካልታወቀ፣ ዕጣ የሚጥለው ሐኪም አላዋቂነቱን በግልጽ መናገሩ ነው፤ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ ከሚቈርጠው ሐኪም ይልቅ ሐቀኛ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንለፍ። በአማርኛችን «ጅማት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንና አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረውን። የተረከዝ ጅማት ከመጀመሪያው ወገን ሲሆን፣ የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰው አካል ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ወንዶች፣ በጨዋታና በሩጫ መካከል ነው። የተበጠሰበት ሰው ከኋላው የተመታ መስሎት ዞር ይላል፤ ማንም ግን የለም። በሆዱ አስተኝቶ ባቱን ጨመቅ ሲያደርጉት የጤነኛው እግር ውስጠ እግር ወደ ታች ይታጠፋል፤ የተበጠሰው ግን አይንቀሳቀስም።

ይህን ጅማት ያለ ኦፕራሲዮን ማከም የሚቻለው እግሩን ጣቶቹ ወደ ታች እንዲያመለክቱ አድርጎ በማሰር ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው የረጋው ደም ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፤ ጠባሳውም ጅማት ይሆናል። ድሮ እግሩ በጀሶ ታስሮ ለብዙ ሳምንታት ሳይነቃነቅ ይቈይ ነበር። በ2005 የወጣ የቀደሙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ ከተሰፉት ሰዎች ከመቶ 3.5 ያህሉ፣ ካልተሰፉት ደግሞ ከመቶ 12.6 ያህሉ ጅማታቸው ዳግመኛ ተበጥሷል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፍርዱ ለመርፌና ለክር በሆነ ነበር።

ነገር ግን ከስንፍና የሚመጣ ድካም በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በጅማትም ላይ እንዳለ ታወቀ። በልክ የሚጫንበት ጅማት ቃጫዎቹን በሚጫነው ኃይል አቅጣጫ ያሰልፋል፤ ሥራ የፈታ ጅማት ግን ቃጫው ይደባለቃል። በካናዳ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት 144 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ሰፍቶ፣ ግማሾቹን ሳይሰፋ፣ ሁሉንም ግን በድጋፍ ጫማ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ እንዲረግጡና እንዲለማመዱ አደረገ። ዳግመኛ የተበጠሰባቸው ከተሰፉት 2፣ ካልተሰፉት 3 ሰዎች ብቻ ሆኑ። እንግዲህ የቀድሞው ጉዳት የመጣው ባለመስፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሳያንቀሳቅሱ በማቈየቱም ጭምር ነበር ማለት ነው።

በኖርዌይ ተደርጎ በ2022 የታተመው ጥናት ከዚህ የሰፋ ነው። የ526 ሰዎች ውጤት በተመዘነ ጊዜ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ያልተሰፉት፣ በሰፊ ቍስል የተሰፉትና በጠባብ ቀዳዳ የተሰፉት ሦስቱም ወገኖች በአካሄዳቸውና በሥራ ችሎታቸው እኩል ያህል ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ በጉዳቱ ዓይነት ነበር። ካልተሰፉት ከመቶ 6.2 ያህሉ ዳግመኛ ሲበጠስባቸው፣ ከተሰፉት በየወገኑ ከመቶ 0.6 ብቻ ሆነ። በሌላ በኩል ነርቭ የተነካባቸው በጠባብ ቀዳዳ ከተሰፉት 9፣ በሰፊው ከተሰፉት 5፣ ካልተሰፉት 1 ሰው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለበሽተኛው «ይህ ይሻላል» ሳይሆን «ከሁለቱ ሥጋቶች የትኛውን ትመርጣለህ?» ማለት ይኖርበታል።

ሁለተኛው በጉልበት ውስጥ በመስቀል ከተቀመጡት ጅማቶች የፊተኛው ነው። ይህ ጅማት ያለው በመገጣጠሚያው ውስጥ ስለሆነ፣ በተበጠሰ ጊዜ ለድልድይ የሚሆን የረጋ ደም በጫፎቹ መካከል ለመቈየት ይቸገራል፤ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ያጥበዋልና። ስለዚህ ከተረከዙ ይልቅ በራሱ መያያዙ አስቸጋሪ ነው፤ ሐኪሞችም አብዛኛውን ጊዜ አይሰፉትም፤ ከበሽተኛው ከራሱ አካል ሌላ ጅማት ወስደው በቦታው ይተክላሉ።

ታዲያ ይህ ለሁሉ ያስፈልጋልን? በስዊድን ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው 121 ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ 62ቱ ወዲያው እንዲተከልላቸው፣ 59ኙ ደግሞ በልምምድ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ ወደ በኋላ እንዲተከልላቸው ተደረገ። በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ወገኖች እኩል ነበሩ፤ ከ59ኙም ኦፕራሲዮን ያስፈለጋቸው 23 ብቻ ነበሩ። በ2022 በብሪታንያ የታተመው ጥናት ግን ጉዳቱ የቈየባቸውንና ጉልበታቸው እየከዳ ያስቸገራቸውን 316 ሰዎች መርምሮ፣ ለእነዚህ ኦፕራሲዮኑ የተሻለ ሆኖ አገኘው። ሁለቱ ውጤቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም አይቃረኑም። አንደኛው የጠየቀው ገና ትላንት ስለ ተጐዳው ነው፤ ሁለተኛው ጉልበቱ ከወራት በኋላም ስለ ከዳው ነው። ጊዜ ራሱ መርማሪ ሆኖ፣ ማን ቢላዋ እንደሚያስፈልገው ይለያል ማለት ነው።

ሦስተኛው ግን ጊዜ የማይሰጥ ነው። አኦርታ ከልብ ተነሥቶ ደረትንና ሆድን አቋርጦ የሚወርድ የደም ሥር ሲሆን፣ በሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ ይልቁንም በዕድሜ በገፉ አጫሾች ወንዶች ላይ፣ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። በፈነዳ ጊዜ ብዙዎቹ ከሐኪም ቤት ሳይደርሱ ይሞታሉ። ታላቁ ሊቅ አልበርት አይንስታይን በ1948 ያበጠው አኦርታው በሴሎፋን ተጠቅልሎለት ለጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ በ1955 በዚሁ በመፈንዳት ሞቷል፤ በመጨረሻው ሰዓት ኦፕራሲዮን አልፈልግም ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ጥያቄው መስፋት ወይስ መተው አይደለም፤ በምን መንገድ ነው እንጂ። ሆድን ከፍቶ መጠገን ይቻላል፤ ወይም በብሽሽት በኩል ቱቦ አስገብቶ ከውስጥ መደገፍ ይቻላል። በአብዛኛው በብሪታንያ በተደረገና 613 በሽተኞችን በያዘ ጥናት፣ በ2014 እንደተገለጸው፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በቱቦው ወገን ከመቶ 35.4፣ በከፍቶ መጠገን ወገን ከመቶ 37.4 ነበሩ፤ ይህም እኩል እንደ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የሞቱት ከመቶ 48 እና ከመቶ 56 ሆነው ልዩነቱ ታየ። ከሁለቱም የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ2002 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ከ65 እስከ 74 ዓመት የሆናቸውን 67,800 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ሆዳቸው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ጠራቸው። በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ የሞቱት ከተጠሩት 65፣ ካልተጠሩት 113 ነበሩ። ከሁሉ የሚሻለው ጥገና ሳይፈነዳ የሚደረገው ነው።

እንግዲህ የተረከዙ ጅማት በራሱ ለመያያዝ ይችላልና ምርጫ ይሰጣል፤ የጉልበቱ አስቸጋሪ ቢሆንም ያለ እርሱ የሚኖር አለና ትዕግሥት ይፈቅዳል፤ አኦርታ ግን ሁለቱንም አይሰጥም። መልሱን የሚወስነው የተበጠሰው ነገር ተፈጥሮ እንጂ የሰፊው ጥበብ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። «በኖርዌይ ሳይሰፋም ይድናል ተብሏል» ብሎ በሽተኛውን ወደ ቤቱ መስደድ ጥናቱን አለማንበብ ነው። ያ ያልተሰፋ ሰው የድጋፍ ጫማ፣ ቀጠሮ፣ የልምምድ አስተማሪና መጓጓዣ ነበረው። ከሐኪም ቤት የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ ለሚኖር ገበሬ እነዚህ ካልተዘጋጁለት፣ የተሰጠው የተጠናው ሕክምና ሳይሆን ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ጥናት ስናነብ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ ቍጥሩ የተገኘበትን ሁኔታ ሁሉ አብረን ልናመጣ ይገባናል እንላለን።