ውሻና ድመትን በቤት ማዋል፤ የጓሳ ቀይ ቀበሮና የመንዝ አባወራ



የቤት እንስሳትን በቤት ማዋል ሲባል በብዙ አገር በቅድሚያ የሚታሰበው ወፍ የምታድን ድመት ናት። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ግን ድመት የጎተራ፣ ውሻም የበግ ጠባቂ ናቸው፤ የሚያዙት ለሥራ ነው። ጉዳቱ የሚከፋው በውሻ በኩል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከሚያስጠልላቸው እንስሳት አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 አይበልጡም። ይህ እንስሳ አይጥ የሚያድነው ለብቻው ቢሆንም የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው። ማለዳና ማታ ይገናኛሉ፣ ይሻሻሉ፤ ስለዚህ አንዱን የያዘ የእብድ ውሻ በሽታ ሌሎቹን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። በባሌ ተራሮች የታየው ይኸው ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከውሾች የተዛመተው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ባሌ ብዙ ቀበሮ ስላለው አገገመ፤ የጓሳዎቹ ግን በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው።

ውሻ ጉዳት ለማድረስ የግድ መታመም የለበትም። በ2007 ዓ.ም. በታተመ የጓሳ ጥናት እንደተገለጸው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25ቱ ብቻ። ጭላዳ ቀበሮ በአጠገቡ ሲያልፍ ሣሩን መንጨቱን አያቋርጥም፤ ውሻ ሲያይ ግን ወደ ገደሉ ይሸሻል። እረኛን ተከትሎ ጓሳ የገባ ውሻ ማንንም ሳይነክስ የቀበሮውን አደን ያበላሻል ማለት ነው፤ እኔ እንደዚህ አነበዋለሁ።

አንድ አባወራ ውሻውን ቢያስር ጎረቤቱ ቢለቅ ጥቅሙ አናሳ ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው መከተብ ይኖርባቸዋል፤ ይህም የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል። የጋራ ውሳኔ ደግሞ ለመንዝ እንግዳ አይደለም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ይዘጉ፣ ሣሩ የሚታጨድበትንም ጊዜ አብረው ይወስኑ ነበር። የክትባት ቀን መቁረጥ ከዚያ ይቀላል።

ወደ ድመቷ ልመለስ። የቤት ድመት የዘር ግንዷ የዱር ድመት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይዋለዳሉ። በስኮትላንድ ንጹሕ የዱር ድመት ሊጠፋ የደረሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እብደቱም ድመትን አይምርም፤ ክትባቱ ለእርሷም ያስፈልጋል። ድመት ታስራ እንደማትኖር ሁላችንም እናውቃለን። ማምከን በሚቻልበት ማምከን፣ በማይቻልበትም ማታ አብልቶ እህል ባለበት ቤት መዝጋት ይበጃል፤ አይጧም የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነው።