ለእንግዳ ሊቅ የሚሰጥ ፈቃድና የተቀባዩ ዋስትና

እንግዳን መቀበል ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ምግባር ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር መንገደኞችን ስለ ተቀበለ ስሙ እስከ ዛሬ በእንግዳ ተቀባይነት ይጠራል። ሆኖም የቤቱ ጌታ እንግዳውን ሲያስገባ ከየት እንደ መጣ ፤ ምን ሊሠራ እንደ መጣና የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቀው ደግነቱን የሚያጐድል ነገር አይደለም። ለአገር ሁሉ ኃላፊነት ያለበት መንግሥትማ ይህን መጠየቅ ግዴታው ነው።

ከእንግዶችም መካከል ለምርምር የሚመጣ ሊቅ ከሌሎቹ ይለያል። ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ይመለሳል ፤ አገር ጐብኚም አይቶ ያልፋል። ሊቅ ግን መጽሐፍ ሊመረምር ፤ ቋንቋ ሊማር ፤ ወይም የጥንት ፍርስራሽ ሊቈፍር ብዙ ወራት ፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት መቀመጥ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በር የሚያስገባው ቪዛ ብቻውን አይበቃውም ፤ ተቀምጦ የሚሠራበት የመኖሪያ ፈቃድም ይሻል።

የእንግዳ ሊቅ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ኢትዮጵያዊው መነኵሴ አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋራ በ1649 ተዋወቁ። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርነስት ጠርተዋቸው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። በመስፍኑ ግቢ ተቀምጠው ስለ ቋንቋው ፤ ስለ ሃይማኖቱና ስለ አገሩ ልማድ ለሉዶልፍ አስረዱት። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፤ በ1681 ያወጣውም የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ትምህርት ብዙ አግኝተዋል። ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ደብተር አልነበረም ፤ የእንግዳው ዋስ የጠራቸው መስፍን ነበሩ።

እንግዳው ለምርምር መጥቶ ውሉ ሳይጠብቅ ሲቀር የሚደርሰው ነገር ደግሞ በጎንደር ታይቷል። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን በ1932 ጎንደር በተቀመጠ ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የጥንት ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ግልባጭ አደረገ። የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ነው። እንግዳው ምን ማየት ፤ ምን መገልበጥ እንደ ተፈቀደለትና ምንስ መንካት እንደማይገባው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ ፤ የሚጐዳው ደጁን የከፈተው ነው።

የኤውሮፓ ኅብረት በግንቦት ወር 2016 ባወጣው 2016/801 በተባለው መመሪያ ይህን ጉዳይ በሥርዓት አስቀምጦታል። መመሪያው ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ተመራማሪ ከሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ድርጅት ጋራ የአቀባበል ውል እንዲፈራረም ያዛል። በውሉ የምርምሩ ርእስ ወይም ዓላማ ፤ የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ቀን ፤ የሁለቱም ወገን ግዴታ ይጻፋል። መንግሥትም ውሉን መሠረት አድርጎ ፈቃዱን ይሰጣል። ይህ በኢትዮጵያ ሙግት ሰው ዋስ እንደሚጠራ ያለ ነገር ነው። መንግሥት እንግዳውን ባያውቀውም ዋሱን ያውቀዋል። እንግዳው ከፈቃዱ ውጭ ተደብቆ ቢቀመጥ አባል አገሮች የመኖሪያውንና የመመለሻውን ወጪ ከተቀባዩ ድርጅት መጠየቅ ይችላሉ።

መመሪያው እንግዳውን ብቻ ሳይሆን የመንግሥትንም ሹም ያስራል። ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ በ90 ቀን ውስጥ ፤ ተቀባዩ ድርጅት አስቀድሞ በመንግሥት የታወቀ ከሆነም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ መሰጠት አለበት። የጐደለ ማስረጃ ካለ ምን እንደ ጐደለ ይነገረዋል። ፈቃዱ ቢከለከልም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጥለታል ፤ ይግባኝም ማለት ይችላል። ምርምሩን ከፈጸመ በኋላ ሥራ ለመፈለግ ወይም ድርጅት ለማቋቋም ቢያንስ 9 ወር ይቈያል ፤ ቤተ ሰቡም ሊከተሉት ይችላሉ።

ቀን መወሰኑ ትንሽ ነገር አይደለም። በአፋር በረሃ መቈፈር የሚመቸው ሙቀቱ በሚቀዘቅዝበት ወራት ነው ፤ ወረቀቱ ወራቱ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። ለአንድ ዘመን ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተጠራ ኢትዮጵያዊ መምህርም ቪዛው ሳይደርስለት ጥሪው ቢያልፍ ጉዳቱ ያው ነው። እንቢ ማለት የመንግሥት ሥልጣን ነው ፤ ዝም ማለት ግን ፍርድ አይደለም።

ለኢትዮጵያ የሚስማማው ምሳሌ ደግሞ ከራሷ ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከአሜሪካው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር ከ8000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል። ፊልሙ ባሕር ተሻገረ ፤ ብራናው ግን በየደብሩና በየገዳሙ ቀረ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ከ1976 ጀምሮ በዚያው በአሜሪካ ተቀምጠው የመጻሕፍቱን ዝርዝር ለዓለም ሊቃውንት አዘጋጁ። እንግዳው ዕውቀቱን አገኘ ፤ ባለቤቱም ሀብቱን አላጣም።

እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ሦስት ነገር ቢመለከት ይበቃዋል። እንግዳው የታወቀ ተቀባይ ይኑረው ፤ መልሱ በተቈረጠ ቀን ይሰጠው ፤ የሠራውንም ግልባጭ ለአገሩ ትቶ እንዲሄድ በውሉ ይጻፍ። የደብር አለቃና የገዳም መምህርም መጽሐፍ አሳዩኝ የሚል እንግዳ በመጣ ጊዜ አስቀድመው ፈቃዱንና ውሉን ይመልከቱ ፤ ያሳዩትን መጽሐፍ ስምና ቀን በመዝገብ ያግቡ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ደጁ ለዕውቀት ክፍት ይሆናል ፤ ዕቃ ቤቱም አይራቈትም።