መሸጋገሪያ አገርም ቪዛ ይጠይቃል

ከመካነ ሰላም ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ደሴ መናኸሪያ ወርዶ መኪና ይቀይራል፤ ለመሻገሩ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። የአውሮፕላን ጉዞ ግን እንዲህ አይደለም። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው መሀል ላይ ለሁለት ሰዓት የሚያርፍበት አገርም የራሱ ሕግ አለው። ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላና ከለጋምቦ ብዙ ልጆች ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ እነሱን ለመጠየቅ የሚነሡ ወላጆችም አሉ። የመሸጋገሪያውን አገር ሕግ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ማወቅ ጉዞውንም ገንዘቡንም ያድናል።

እንዲህ መሸጋገር፣ ማለትም ትራንዚት፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኢሚግሬሽን መስኮት ሳያልፉ፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ አውሮፕላን መቀየር ነው። ሁለተኛው ማኅተም አስመትቶ ሆቴል ለማደር ወይም ከተማ ለማየት መውጣት ነው። የመጀመሪያውን ብዙ አገሮች ያለ ቪዛ ይፈቅዳሉ። ሁለተኛው አገር የመግባት ያህል ስለሚቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ ኤርፖርት ውስጥ ለሚቆይም ቪዛ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የቪዛ ደንብ የአሥራ ሁለት አገሮችን ዜጎች ዘርዝሮ ሸንገን በሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ኤርፖርቶች አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ እንዲያወጡ ያዛል። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆኑም አሉ፤ ከእነሱ መካከል ጸንቶ ያለ የሸንገን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዙ ይገኙበታል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ሁለት እናቶች ከመካነ ሰላም ተነሥተው ከሸንገን ከተሞች አንዷ በሆነችው በፍራንክፈርት በኩል ይጓዛሉ እንበል። አንደኛዋ ዋሽንግተን ያለ ልጃቸውን፣ ሌላዋ ለንደን ያለች ልጃቸውን ለመጠየቅ ነው። ሁለቱም የሚሄዱበትን አገር ቪዛ ይዘዋል። የዋሽንግተኗ እናት በአሜሪካ ቪዛቸው ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ይቀይራሉ። የለንደኗ እናት ግን እንግሊዝ ከኅብረቱ ስለወጣች፣ የእንግሊዝ ቪዛቸው ከትራንዚት ቪዛ አያድናቸውም። በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ዓይነት ፓስፖርት ተጉዘው የሚጠየቁት ወረቀት ይለያያል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሸንገን አገሮች በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ስላስቀሩ፣ ከፍራንክፈርት ፓሪስ የሚደረግ በረራ እንደ አገር ውስጥ ጉዞ ይታያል። ስለዚህ ትኬቱ ሁለት የሸንገን ከተሞችን የሚነካ ከሆነ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይበቃም፤ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል።

አሜሪካ ደግሞ ከነጭራሹ ያለ ኢሚግሬሽን ፍተሻ መሸጋገር የሚባል ነገር የላትም። ወደ ሜክሲኮ ለማለፍ ብቻ ያረፈ ኢትዮጵያዊም የትራንዚት ወይም ሌላ የአሜሪካ ቪዛ ሊኖረው ይገባል። በአንዳንድ ሌሎች መሸጋገሪያዎች ግን ነገሩ ይላላል። ዱባይና ኢስታንቡል ላይ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ በአንድ ትኬት ለሚቀጥሉ አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ አያስፈልግም። ከዱባይ ኤርፖርት መውጣት የፈለገ በአየር መንገዱ በኩል የ48 ወይም የ96 ሰዓት የትራንዚት ቪዛ ይጠይቃል። ቻይና ትኬታቸው ወደ ሦስተኛ አገር ለሆነ መንገደኞች እስከ 24 ሰዓት ያለ ቪዛ መሸጋገርን ትፈቅዳለች። 240 ሰዓት የሚያቆየው ፈቃድ ግን ለተመረጡ አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

እነዚህን ሕጎች በመጀመሪያ የሚያስከብረው የባዕድ አገር ፖሊስ አይደለም፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚመዝነው ሠራተኛ ነው። የፓስፖርቱን አገር፣ መድረሻውንና መሸጋገሪያውን ቲማቲክ በተባለው የአየር መንገዶች የመረጃ ቋት ያመሳክራል። ወረቀቱ ካልተሟላ የመሳፈሪያ ካርድ አይሰጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያልተፈቀደለትን መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ በራሱ ወጪ ይመልሰዋል፤ ቅጣትም ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ። በየትኛው ከተማ ነው የማርፈው? ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ነው ወይ? ሻንጣዬስ እስከ መድረሻዬ በቀጥታ ያልፋል? ትኬቱ ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ሻንጣን መሀል ላይ መረከብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚያ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ለማለፍም ቪዛ ያሻል። ኢስታንቡልን በመሳሰሉ ሁለት ኤርፖርት ያላቸው ከተሞች በአንዱ አርፎ በሌላው መነሣትም እንደዚሁ ነው። መልሱን ከአየር መንገዱ ቢሮና መሸጋገሪያው ከሆነው አገር ኤምባሲ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ደንቦች ስለሚለወጡም በየጉዞው መጠየቅ ይገባል።

ይህ ምክር ከሁሉ በላይ የሚመለከተው ውጭ ያሉ ልጆችን ነው። የእናትን ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ልጅ ፍራንክፈርት ላይ ከኤርፖርት ወጥቶ ምሳ በልቶ ይመለሳል፤ እናቱ ግን ያንን በር ማለፍ አይችሉም። ልጁ እሱ የለመደውን ርካሽ መንገድ ለእናቱ ከመምረጡ በፊት ሕጉን በእናቱ ፓስፖርት ይፈትሽ።