የበይነ መረብ ሥልጠና ከመዘጋጀቱ በፊት ሠልጣኞችን ማወቅ

በበይነ መረብ የሚሰጥ ሥልጠና የጉዞ ወጪን የሚቀንስና ሠልጣኞች ከሥራ ገበታቸው ሳይለዩ እንዲማሩ የሚያስችል በመሆኑ በበርካታ ተቋማት ዘንድ ተመራጭ እየሆነ መጥቷል። ሆኖም ይህ የአሰጣጥ ዘዴ አሠልጣኙን አንድ ትልቅ ነገር ያሳጣዋል፤ ይኸውም የሠልጣኙን ፊት ማየት ነው። በክፍል ውስጥ ትምህርቱ ግር ያለው ሰው ከገጽታው ስለሚታወቅ አሠልጣኙ ማብራሪያውን ይደግምለታል። በስልክ የሚከታተል ሠልጣኝ ግን ትምህርቱን አቋርጦ ይወጣል፤ ምክንያቱንም የሚጠይቀው አይኖርም። በመሆኑም በክፍል ሥልጠና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኘው ስለ ሠልጣኙ ያለ ግንዛቤ በበይነ መረብ ሥልጠና ላይ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ይህ ጽሑፍ ሥልጠና ለማዘጋጀት ያቀዱ ተቋማትና ባለሙያዎች ከዝግጅቱ በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል። ለማሳያነትም በገጠር ጤና ኬላ ለሚያገለግሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚዘጋጅ ሥልጠና ተወስዷል።

የሥራ ሁኔታን መረዳት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከማኅበረሰቡ እየተመለመሉ ለአንድ ዓመት ከሠለጠኑ በኋላ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ተደርጓል። በአደረጃጀቱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል፤ አምስት ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይደገፋሉ።

ከዚህ መግለጫ ብቻ ለዝግጅት የሚረዳ ቁም ነገር ይገኛል። ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ኬላ አንዷ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስትወጣ ሌላዋ ተገልጋይ ታስተናግዳለች። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ለሦስት ሰዓታት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ትምህርት የሚያስተጓጉለው የሕፃናትን ክትባት ወይም የነፍሰ ጡር እናትን ክትትል ነው። በአንጻሩ በየ10 ደቂቃው ተከፋፍሎ የቀረበና ከተቋረጠበት መቀጠል የሚቻል ትምህርት ከሥራዋ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አስቀድመው መመለስ ያለባቸው አምስት ጥያቄዎች

1. ሠልጣኟ ከሥልጠናው በኋላ ምን መሥራት ይኖርባታል? መነሻው የትምህርቱ ርዕስ ሳይሆን በሥራ ላይ የታየው ክፍተት ሊሆን ይገባል። ክፍተቱ ከእውቀት ማነስ መምጣቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ክትባት የሚበላሸው ማቀዝቀዣ ባለመኖሩ ከሆነ ስለ ክትባት አያያዝ የሚሰጥ ሥልጠና ችግሩን አይፈታውም።

2. አሁን ምን ታውቃለች? ለብዙ ዓመታት ያገለገለች ሠራተኛና አዲስ ተመራቂ አንድ ዓይነት መግቢያ ሊሰጣቸው አይገባም። አጭር የቅድመ ሥልጠና መጠይቅ የትኛው ክፍል ሊታለፍ፣ የትኛውም ሊሰፋ እንደሚገባ ያሳያል።

3. በምን መሣሪያ ትከታተላለች? በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚተላለፍ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ 150 ሜጋ ባይት ያህል ዳታ ይወስዳል። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት ቢተላለፍ ከ10 ሜጋ ባይት አይበልጥም። የዳታውን ዋጋ ሠልጣኟ ከኪሷ የምትከፍል ከሆነ ይህ ልዩነት ሥልጠናውን የመፈጸምና ያለመፈጸም ጉዳይ ይሆናል። ኔትወርክ በሚገኝበት ቦታ አውርዶ በኋላ መከታተል መቻሉም መታየት አለበት።

4. በየትኛው ቋንቋ ትሠራለች? በእንግሊዝኛ የተማረችውን ጽንሰ ሐሳብ ለእናቶች የምታስረዳው በአካባቢው ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በምትሠራበት ቋንቋ ሲቀርብ መልእክቱን ለቤተሰብ ለማድረስ የሚያስፈልጋትን ቃል ጭምር ይሰጣታል።

5. መቼ ጊዜ ይኖራታል? የክትባት ዘመቻ፣ የወር ሪፖርት የሚዘጋጅበት ሳምንትና መንገድ የሚቋረጥበት ክረምት ከግምት ሊገቡ ይገባል። የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነትም ሊዘነጋ አይገባም። ለምሳሌ የማጠናቀቂያው ቀን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ሆኖ ሳለ በቀጥታ «ሰኔ 30» ተብሎ ቢጻፍ ትክክለኛው ቀን ሰኔ 23 ስለሆነ ሠልጣኞች በሰባት ቀን ይዘገያሉ። «23:59» የሚለውም «ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59» ተብሎ ቢገለጽ ጥርጣሬ አይፈጥርም።

መረጃው እንዴት ይሰበሰብ?

በቅድሚያ ሊወገድ የሚገባው ስህተት መጠይቁን በበይነ መረብ ብቻ መላክ ነው። እንዲህ ያለው መጠይቅ የሚደርሰው ኔትወርክ ለሚያገኙት ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ሁሉም ሠልጣኝ የተሟላ አገልግሎት ያለው ያስመስላል። ችግሩ የጸናባቸው ሠልጣኞች ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ለከተማ ቅርብ ከሆኑም፣ ከራቁም ኬላዎች ጥቂት ሠራተኞችን በመምረጥ በአካል ወይም በስልክ ማነጋገር ይመከራል። የጤና ጣቢያ ተቆጣጣሪዎችን መጠየቅና ያለፉ ሥልጠናዎችን ሪፖርት መመልከትም ይጠቅማል።

የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ይወስናል። «ስማርት ስልክ አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ብዙ አይገልጽም፤ ስልኩን ቤተሰብ በጋራ ይጠቀምበት ይሆናል፤ ባትሪ የሚሞላውም ሌላ ቦታ ተሂዶ ሊሆን ይችላል። «ባለፈው ሳምንት በስልክዎ ምን ሠሩ? የት ሆነው?» የሚለው ግን እውነተኛውን ሁኔታ ያወጣል።

ከሠልጣኞች የሚሰበሰብ መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ሊያዝ ይገባል። መረጃው ለምን እንደተፈለገ ለሠልጣኙ መንገርና ከዓላማው ውጭ የሆነ መረጃ አለመጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመረጃ ወደ ውሳኔ

የተሰበሰበው መረጃ ጠቃሚ የሚሆነው ውሳኔ ሲያስለውጥ ነው። በመሆኑም ከእያንዳንዱ ግኝት ጎን «ስለዚህ ምን እናደርጋለን?» የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ቪዲዮው በድምፅና በሥዕል ይተካል፤ ሠልጣኞች መሠረቱን የሚያውቁ ከሆነ መግቢያው ያጥራል፤ ወቅቱ የዘመቻ ከሆነ መጀመሪያው ይገፋል። ምንም ውሳኔ የማያስለውጥ ጥያቄ ግን ከመጠይቁ ቢወጣ ይሻላል።

ሙሉው ሥልጠና ከመዘጋጀቱ በፊት አንድ ትምህርት ብቻ ተዘጋጅቶ በጥቂት ሠልጣኞች፣ በራሳቸው ስልክና በሥራ ቦታቸው ሊሞከር ይገባል። አንድን ትምህርት ማስተካከል ቀላል ነው፤ 20 ትምህርቶች ተቀርጸው ካለቁ በኋላ ማረም ግን ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ የሥልጠናው ስኬት የሚለካው በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡር እናትን የአደጋ ምልክት በጊዜ ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ በመቻሏ ነው። ዝግጅቱም ከዚህች ሠራተኛ ሁኔታ ሊጀምር ይገባል።