ያውቁ ኖሯል? አምባሰልን ከአምስት ጠርሙስ

ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን ያለው አምባሰል የአገርና የተራራ ስም ብቻ አይደለም፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ድምፆቹ አምስት ናቸው። ልጅዎ አምስት ተመሳሳይ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውሃና ማንኪያ ካገኘ ቅኝቱን ቤት ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

መጀመሪያ አንዱን ጠርሙስ ውሃ በደንብ ይሙላው። በማንኪያ መታ ሲያደርገው የሚርገበገበው ጠርሙሱ ከነውሃው ስለሆነ፣ ውሃው በበዛ ቁጥር ርግብግቡ ይዘገያል፤ ድምፁም ይወፍራል። ሁለተኛው በጥቂቱ ብቻ ይጉደል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች እጅግ ይቀራረባሉና። ወደ ሦስተኛው ግን ሰፊ ዝላይ አለ። አራተኛው መጠነኛ ነው፤ አምስተኛው እንደገና ከአራተኛው ይጠጋል። የአምባሰል ለዛ ያለው እዚሁ መራራቅና መቀራረብ ላይ ነው። (ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤት ካለ ይጥሩት፤ በጆሮ ብቻ ማስተካከል ትዕግሥት ይፈልጋል።)

ቀጥሎ ልጁ በጠርሙሶቹ አፍ ላይ እፍ ይበል። ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል! ውሃ የበዛበት አሁን ቀጭኑን ድምፅ ያወጣል። በዚህ ጊዜ የሚርገበገበው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነው፤ ቦታው ሲጠብበው ርግብግቡ ይፈጥናል።