ትኩሳቱ ሲመለስ ሌላ መድኃኒት ከመደረባችን በፊት



ዶርም ውስጥ አንዳችን ስንታመም ሌሎቻችን ለዚያራ የምንሄደው ብዙ ጊዜ ከጁሱ ጋር የተረፈ አንቲባዮቲክ ይዘን ነው። ኒያችን መልካም ነው። ሆኖም እነዚህ መድኃኒቶች ብዙም የማይወራለት ጉዳት አላቸው፤ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳሉ።

ነጭ የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከነሱ መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ባክቴሪያን ቀድመው የሚጋፈጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነም መቅኔው ሳያቋርጥ ሊተካቸው ይገባል። አንዳንድ መድኃኒት ይህን ምርት ያዳክማል፤ አንዳንዱም ሰውነት የራሱን ሕዋሳት እንዲያጠቃ ሰበብ ይሆናል። በዚህ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ክሎራምፌኒኮል ነው፤ በጥቂት ሰዎች ላይ መቅኔውን ጨርሶ እስከማድረቅ ይደርሳል። ባክትሪም ብለን የምናውቀው ኮትሪሞክሳዞልም ቁጥሩን ሊያወርድ ይችላል። የፔኒሲሊን ወገኖች ግን ይህን የሚያመጡት በአብዛኛው በከፍተኛ መጠን ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰዱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የሕዋሳቱ መቀነስ በራሱ አለማመሙ ነው። የሚታወቀው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የአፍ ቁስል ሲከተል ነው። እኛ ደግሞ ይህን ጊዜ «መድኃኒቱ አልያዘኝም» ብለን ከፋርማሲ ጠንከር ያለውን እንገዛለን! አንቲባዮቲክ እየወሰድን ሳለ ወይም እንደጨረስን ትኩሳት እንደ አዲስ ከተነሣ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንሂድ። ሲቢሲ የሚባለው ቀላል የደም ምርመራ ነገሩን ያሳያል። ኒውትሮፊል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች ከሆነ አደጋው ከባድ ነው፤ ትኩሳት ከታከለበት አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥም አይገባም። የተለመደው ዝቅተኛ ልክ 1,500 ቢሆንም፣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በዘር በሚወረስ ምክንያት ከዚያ በታች ይገኛል፤ ይህም ለበሽታ አያጋልጥም። ስለዚህ የቀድሞ የደም ምርመራ ወረቀት ያለን ሰዎች አንጣለው፤ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው በሱ ነው።

ሰበቡ መድኃኒቱ ከሆነ፣ ሲቆም ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። የሚቆመው ግን ሐኪሙ ሲወስን ነው፤ ምንም ምልክት ሳይኖረን ይህን ስላነበብን ብቻ የታዘዘልንን አናቋርጥ።